የሸራ ፋብሪካው ሽማግሌዎች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1989

ዝናቡ አለቀ፣ ጭቃው ግን ገና አላለቀም። ጉርድ ሾላ ታክሲ ስጠብቅ ሃምሳ ደቂቃ ቆምኩ። ቢሮ ስገባ አቶ ተስፋጽዮን ሰዓታቸውን አይተው ዝም አሉ። አለቃዬ ሲቆጡ አልፈራም፤ ዝም ሲሉ ነው የምፈራው።

ሁለት ሥራ ሰጡኝ። አንዱ፣ በሚያዝያ እዚህ ለሚደረገው የአፍሪካ ባለሙያዎች ስብሰባ ጽሑፍ ማዘጋጀት፦ ዓለም አቀፍ የገንዘብ ተቋማት ከተለወጠው ዓለም ጋር እንዴት ይለወጡ? ሁለተኛው፣ በኅዳር ለአገሩ ከሚያበድረው ተቋም ለሚመጣው የልዑካን ቡድን ማስተርጎም። በአንድ እጄ ይለወጡ ብዬ እጽፋለሁ፣ በሌላው ቦርሳቸውን እሸከማለሁ ማለት ነው። ይህንኑ ብላቸው አልሳቁም።

ማምሻውን ጋሼ ገብረየስ ጎራ አሉ። ሲገቡ ዛሬም እንደ ልጅነቴ መጀመሪያ የሚያዩት፣ በልቼ እንደሆነ ለማወቅ፣ ሳህኔን ነው። አባቴ ሲሞት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ በትምህርት ቤት ፎርም ላይ "የወላጅ ፊርማ" በሚለው ቦታ የፈረሙት እሳቸው ናቸው። አባቴና እሳቸው ሸራ ፋብሪካ አብረው ነበር የተቀጠሩት። ጋሼ እዚያ ከገቡ ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመታቸው፣ አሁን የጥገና ኃላፊ ናቸው።

ፋብሪካው ይዘጋል የሚል ወሬ አለ አሉኝ። "አንቺ የመንግሥት ቢሮ ነሽ፣ እዚያ ምን ይባላል?" ምንም አልሰማሁም አልኳቸው።

ውሸቴን ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው?

የሚዘጉትን ፋብሪካዎች ዝርዝር የሠራሁት እኔ ነኝ። ባለፈው ግንቦት። አሥራ አራት የመንግሥት ፋብሪካዎች፣ ሦስት ረድፍ፦ ይሸጥ፣ ይቆይ፣ ይዘጋ። ተቋሙ ብድሩን ለመልቀቅ "ቢያንስ ሦስት" የሚዘጉ ፈለገ። የትኞቹ እንደሆኑ ግድ አልነበረውም፤ የፈለገው ቁጥሩን ነው። የተሰጠኝ ሦስት ቀን። ሁለቱን ቶሎ አገኘኋቸው፣ ቀድሞም ቆመው ነበር። ሦስተኛውን ግን… በአንዳቸውም ላይ በቂ ፋይል የለም። የማውቀው አንድ ፋብሪካ ብቻ ነበር።

የማውቀውም ከጋሼ አፍ ነው። አንድ ቀን እራት እየበላን እየሳቁ አጫወቱኝ፦ ከአሥራ ስምንቱ ማሽኖች ሰባቱን የሚያስኬዷቸው ከሞቱ ማሽኖች ፈትተው ባወጡት ዕቃ ነው። ሥራ አስኪያጁ እንኳ አያውቅም። "ከውጭ ዕቃ ግዙ ብለን ሰባት ዓመት ጻፍን፣ መልስ የለም። ታዲያ ቁጭ ብዬ ላልቅስ?" በእጃቸው ጥበብ ኮርተው ነው የነገሩኝ።

እኔ ደግሞ ከሦስቱ ረድፍ ቀጥሎ ባለው የ"ምርመራ" ቦታ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፦ ከአሥራ ስምንት ማሽኖች ሰባቱ ከሌሎች በተፈታ ዕቃ የሚሠሩ፤ ዕድሳት የማያዋጣ።

ፋብሪካው ከቤቴ በታክሲ አሥር ደቂቃ ነው። ሄጄ አላየሁም። ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ሰው የሚሠራበት ቤት… በሐምሌ የደረጃ ዕድገት አገኘሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ጽሑፉን ጀመርኩ። "ውሳኔ የሚነካው ሰው በውሳኔው ላይ ድምፅ ይኑረው።" ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው። ደግሜ አነበብኩትና ወረቀቱን ገለበጥኩት።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ሦስት ሆነው መጡ። ጋሼ ገብረየስ፣ ከቀለም ክፍል ሐጂ ሚስባህ፣ ከስፌት ክፍል ወይዘሮ የሺአረግ። ወሬው እውነት ሆኗል። ፋብሪካው ከሚዘጉት ውስጥ እንደሆነ ሥራ አስኪያጁ ነግሯቸዋል። ቅሬታ ያለው ለመንግሥት ፋብሪካዎች ቦርድ አቤቱታ የሚያስገባው እስከ ጥር ሠላሳ ነው። አቤቱታ ከገባ ቦርዱ ሰው ልኮ ፋብሪካውን ሳያይ አይወስንም። የሠራተኛ ማኅበሩ አቤቱታውን አርቅቆ ጨርሷል።

ጋሼ ግን ከአቤቱታው በፊት ሽማግሌ ይላክ ይላሉ። ለማን? ለፈረንጁ። ለልዑካን ቡድኑ መሪ። እኔ እንዳገናኛቸውና እንዳስተረጉም ነው የመጡት።

ለማስረዳት ሞከርኩ። እሱ የሚወስን ሰው አይደለም፤ ተላኪ ነው። ከበላዩ ውጭ አገር ያለው የተቋሙ የራሱ ቦርድ አለ፤ እዚያ ቦርድ ላይ አገር ሁሉ እንደ ሀብቱ መጠን ድምፅ አለው፤ የኛ ድምፅ ከመቶ አንድ አይሞላም። እንዲህ ላለው ነገር ሽማግሌ አይላክም አልኩ። ሐጂ ሚስባህ በትዕግሥት ሰሙኝና ቦርዱስ ቢሆን ከሰው የተሠራ አይደለም ወይ ብለው ጠየቁ። ጋሼ ጨመሩበት፦

"ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሞበት የሚጨክን ሰው የትም አገር የለም፣ ሔዋን። ፈረንጅም እናት አለው።"

የሺአረግ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። ዝርዝሩን የሠራው ማነው?

ብዙ ሰው ነው አልኳት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

የልዑካኑን መሪ ከቦሌ አየር ማረፊያ ተቀበልኩት። ጨዋ ሰው ነው። ባለፈው ሲመጣ የነገርኩትን ሁሉ ያስታውሳል፤ ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። መኪና ውስጥ ስለ ሽማግሌዎቹ ነገርኩት። እምቢ ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። እምቢ ቢል እንዴት በተገላገልኩ…

ደስ አለው። ዋና መሥሪያ ቤታቸው ራሱን እያሻሻለ ነው፤ ከእንግዲህ የሚላክ ቡድን ሁሉ የሚመለከታቸውን ሰዎች ማማከር አለበት የሚል መመሪያ ወጥቷል። ሐሙስ ሆቴሌ ይምጡ አለ። ለአቶ ተስፋጽዮን ስነግራቸው በግልሽ ነው፣ እኔ አልሰማሁም አሉ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው። በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል፤ ወሎ ሰፈር ሆቴሉ በር ድረስ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። ሰውየው ቃጠሎ የተነሣ መስሎት ደንግጦ ነበር። በሽታ ለማባረር ነው ብዬ አስረዳሁት።

ሦስቱም ነጭ ለብሰው መጡ። ሰውየው ወንበር አሳያቸው። አልተቀመጡም። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ሦስት ጊዜ ተቀመጡ አላቸው፣ ሦስት ጊዜ እጅ ነሥተው ቆሙ። በመጨረሻ ግራ ገብቶት እሱም ተነሣ። ማስታወሻ የምትይዘው ረዳቱ ብቻ ተቀምጣ ትጽፋለች።

ሐጂ ሚስባህ ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ጋሼ ተናገሩ።

"ጌታዬ፣ ጥፋቱ የኛ ነው። ፋብሪካው ቢደክም እኛ ደክመን ነው። አጥፍተናል፣ ይቅር ይበሉን። ልጅ ያጠፋል፣ አባት ይቆጣል፤ ከቤት ግን አያስወጣም።"

ቃል በቃል ተረጎምኩት።

ይህ የልመና ወግ እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ። ሽማግሌ ሲለምን ጥፋቱን ራሱ ላይ ይጭናል፤ ሌላው ከቁጣው እንዲወርድ መንገድ ማበጀቱ ነው እንጂ አጥፍቶ አይደለም… ይህን ማለት አንድ ደቂቃ ይፈጃል። አላልኩም። የረዳቷ ብዕር ሲሮጥ አያለሁ። አስተርጓሚ ነኝ፣ የተባለውን ነው የማስተላልፈው ብዬ ነው? ወይስ ጥፋቱ ሌላ ሰው ላይ ሲያርፍ ቀለለኝ?

ሰውየው ልቡ ተነክቷል፣ ያስታውቃል። እንዲህ አለ፦ "ሐቀኝነታቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን ዝርዝሩ የመጣው ከናንተ መሥሪያ ቤት ነው። እኛ ይህ ፋብሪካ ይዘጋ አላልንም። ይህን ንገሪያቸው።"

ሦስቱም አፍ አፌን ያያሉ።

"ቃላችሁን ሰምቷል። ያስብበታል ይላችኋል" አልኩ።

ጋሼ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሐጂ መረቁት። ከዚያ በኋላ ተቀመጡ፤ ለስላሳ ታዘዘላቸው። የሺአረግ ብቻ ጠርሙሱን አልነካችም። ስንወጣ ያን ሁሉ ተናግሮ ይህችን ብቻ ነው ያለው ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ሁለት ኃጢአት በአንድ ቀን። መፍታት የነበረብኝን እንዳለ አስተላለፍኩ፣ ማስተላለፍ የነበረብኝን ዋጥኩ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

ጋሼ በደስታ መጡ፣ ብርቱካን ይዘው። አቤቱታው እንዳይገባ አድርገዋል። ሽማግሌ ልኮ ወዲያው ክስ መጻፍ ነውር ነው፤ ሰውየው ያስብበታል ካለ ይተውና ያስብበት፣ አሁን ወረቀት ብንልክ ይቀየማል ብለው ማኅበሩን አሳምነዋል። የተከራከረች የሺአረግ ብቻ ናት። አንዷን ማን ይሰማታል?

እኔም፣ አቤቱታውም ቢገባ አይከፋም ነበር ብዬ ጀመርኩ። ጋሼ ብርቱካኑን እየላጡ ቀና አሉ። "ያስብበታል ብሏል ወይስ አላለም?"

ብሏል አልኩ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 20

ቀኑን ሙሉ ጽሑፌ ላይ። ጥሩ እየሄደ ነው፣ የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው። እነዚህ ተቋማት ሲመሠረቱ የኛ ብጤ አገር አብዛኛው ቅኝ ተገዥ ነበር፣ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። ዛሬ እስያ ሌላ ሆናለች፤ በአንድ ቀን ከአገር አገር የሚሻገረው የግል ገንዘብ እነሱ በዓመት ከሚያበድሩት ይበልጣል። የድምፁ አከፋፈል ግን ያው ነው። ተበዳሪው ይፈርማል፣ አበዳሪው ያረቃል። አጥኚ ቡድን ሆቴል ሆኖ ያጠናል፣ ቦታው ድረስ ሄዶ አያይም…

እዚህ ስደርስ ቆምኩ። ማን ነው ቦታው ድረስ ሄዶ ያላየው?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 29

ገና። ጋሼ ቤት በላሁ። ለሚቀጥለው ዓመት ስለሚያድሷቸው ማሽኖች አወሩ።

ረቡዕ፣ ጥር 14

የስምምነት ደብዳቤው በፋክስ መጣ። በኛ ስም ነው የተጻፈው፣ የተጻፈው ግን እዚያ ነው። "እኛ… ወስነናል።" የፊርማው ቦታ ብቻ ባዶ ነው። የኛን ውሳኔ ወደ ቋንቋችን እንድተረጉም ተሰጠኝ። ስለ መሻሻል የተጻፈው መመሪያቸው ደግሞ፣ ፕሮግራሙ የአገሩ የራሱ መሆን አለበት ይላል።

ከደብዳቤው ጋር ሪፖርቱ አለ። አንቀጽ ሠላሳ አንድ፦ በሸራ ፋብሪካው ጉዳይ የሠራተኞች ተወካዮች ተማክረዋል፤ ለፋብሪካው ድክመት ኃላፊነቱ የራሳቸው መሆኑን በግልጽ አምነዋል።

ያንን ልመና… ሰውየው ክፋት አስቦ አይደለም። የሰማውን ነው የጻፈው። የሰማውም ከኔ ነው።

አቶ ተስፋጽዮን ጋ ገባሁ። ይህ የልመና ወግ ነው እንጂ ጥፋትን ማመን አይደለም፣ ይታረም አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። "ስህተት ከሆነ የማን ስህተት ነው? ያስተረጎመው ማነው?" ደግሞም አሉ፣ ሠራተኞቹ ካልተስማሙ በሩ ክፍት ነው፣ እስከ ጥር ሠላሳ አቤት ማለት ይችላሉ፤ እስካሁን አንድ ወረቀት አልመጣም፣ ስለዚህ ተስማምተዋል ማለት ነው።

ሰኞ፣ ጥር 26

ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ከሥራ በቀጥታ ጋሼ ቤት ሄድኩ። መንገድ ላይ ስለማመድ ነበር። "ጋሼ፣ ሰውየው ያስብበታል አላለም። አቤቱታውን ነገ አስገቡ።" በቃ፣ ይህችን ብቻ። የዝርዝሩን ነገር ሌላ ቀን።

ስገባ የጎረቤት ራዲዮ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ዘርግተዋል። ከስቻል፣ ብርድ መትቶሻል እንዴ ብለው ሽሮ አቀረቡልኝ። እስክጨርስ ቁጭ ብለው አዩኝ። ሰውየው አላለም ካልኩ፣ ታዲያ ምን አለ ይሉኛል። ምን አለ ሲሉኝ፣ ዝርዝሩ ከናንተ ቢሮ ነው አለ እላለሁ። ከቢሮው ማነው የሠራው ይሉኛል…

በልቼ ወጣሁ። አራት ቀን አለ።

ዓርብ፣ ጥር 30

አቤቱታ የሚቀበለው ቦርድ መዝገብ ቤት ከኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ነው። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ወርጄ ከሸራ ፋብሪካ የገባ ወረቀት አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ጸሐፊዋ መዝገቡን ገልጣ አየችልኝ። የለም። ልታስገቢ ነው ወይ አለችኝ። አይ፣ ዝም ብዬ ነው አልኳት። ተመልሼ ጠረጴዛዬ ጋ ተቀመጥኩ። ስልኩ ፊቴ ነው። የፋብሪካውን ቁጥር ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጸሐፊዋ በሩን ስትቆልፍ ሰማሁ፣ ደረጃውን ወረደች።

ፈሪ ነኝ። ሌላ ስም አልፈልግለትም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

ዳቦ ገዛሁ። ልብስ አጠብኩ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ጋሼ ማምሻውን መጡ። ግቡ ብላቸው አልገቡም፤ የግቢው በር ላይ ቆሙ። ዛሬ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ የመዝጊያው ደብዳቤ ተነበበለት። ከነምክንያቱ። እኔ ነኝ የተረጎምኩት፣ ምን እንደሚል አውቃለሁ።

"ከአሥራ ስምንቱ ሰባቱ ይላል" አሉ።

የበሩን መቀርቀሪያ ያዝኩ።

"ሰባት መሆናቸውን ሥራ አስኪያጁም አያውቅም። ለሚስቴም አልነገርኳት።"

ያን ጊዜ ቢቆጡ ምን ነበረበት? ቢሰድቡኝ… ሳህኔን ለማየት እንኳ ወደ ቤት አንገታቸውን አላዘለቁም። ደህና እደሪ ብለው ሄዱ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2

ጽሑፌን አቀረብኩ። ከአሥራ ሰባት አገር የመጡ ሰዎች ነበሩ። ውሳኔ የሚነካው ሰው በውሳኔው ላይ ድምፅ ይኑረው ስል አጨበጨቡ። ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ እጃቸውን አወጡ። ይህን ድምፅ በተግባር እንዴት ታገኙታላችሁ?

ከኔ በፊት የተቋሙ የቦሌ ቢሮ ተወካይ መለሰ። ጥያቄው መሠረታዊ ነው፣ እኛም እየተለወጥን ነው አለ። ምሳሌም ሰጠ፤ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የሸራ ፋብሪካ ሲዘጋ ሠራተኞቹ ራሳቸው ተማክረዋል፣ ሐሳባቸውም በሪፖርቱ ሰፍሯል። ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። የሥራ ባልደረባችን ራሷ ነበረች ያስተረጎመችው አለ።

ሰው ሁሉ አየኝ። እኔም… ፈገግ አልኩ። ይህን መጻፍ እጅግ ያሳፍራል፤ ግን አልኩ።

አቶ ተስፋጽዮን በስብሰባው መጨረሻ እጄን ጨበጡኝ። ስድስት ዓመት አብረን ስንሠራ የመጀመሪያቸው ነው።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

ትናንት ፋሲካ ነበር። ጋሼ አልመጡም። እኔም እሳቸው ቤት አልሄድኩም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ሳንገናኝ የፈሰክንበት የመጀመሪያው ዓመት ነው። የሠራሁትን ዶሮ ለጎረቤት ሰጠሁ።

ሰው እንዳወራው፣ ጋሼ ጠዋት ጠዋት በሰዓታቸው ተነሥተው፣ ለብሰው፣ ፋብሪካው በር ድረስ ሄደው ይመለሳሉ።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ከእንግዲህ አልችልም። ሐጂ ሚስባህ ቤት ሄድኩ። ጋሼ ገብረየስ ጋ ይቅርታ የሚለምንልኝ ሽማግሌ እፈልጋለሁ አልኳቸው። ከሳቸው ሌላ ጋሼ የሚሰሙት ሰው የለም።

ሐጂ ምንጣፋቸው ላይ ሆነው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። "ጥፋትሽን ንገሪኝ" አሉ። "ጥፋቱን ሳያውቅ የሚሄድ ሽማግሌ ደላላ ነው።"

ነገርኳቸው። ዝርዝሩን። ሆቴሉን፣ የተረጎምኩትንና የዋጥኩትን። ጥር ሠላሳን። ድምፄን አውጥቼ ስናገረው የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው፤ እንደዚያ አጭር ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጥር ሠላሳን እንደገና ንገሪኝ አሉ። ደገምኩላቸው። መቁጠሪያው ቆመ።

"እኔም ከነዚያ ሰዎች አንዱ ነኝ እኮ፣ ልጄ።"

አውቃለሁ አልኩ። ሌላ ሽማግሌ ፈልጊ ሊሉኝ ይገባ ነበር። ልጃቸው ያመጣችው ሻይ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ እሄድልሻለሁ አሉ፤ ግን ዛሬ አይደለም፣ ዛሬ ልቤ ንጹሕ አይደለም አሉ።

እሑድ፣ ግንቦት 17

ሐጂ ከሰዓት መልሱን ይዘው መጡ። ጋሼ ሰምተዋቸዋል፣ አላቋረጧቸውም። የመለሱትንም ቃሌን ሳትለውጥ አድርስ ብለው አደራ ብለዋቸዋል። ሐጂም እንደ አደራው ቆመው ነገሩኝ፦

"እኔን ስለበደለችኝ ይቅር ብያታለሁ። ስለ ሌሎቹ ግን አልችልም፣ አልላኩኝም። ያን ቀን ሆቴሉ ውስጥ አንዳቸውንም ሳልጠይቅ ስለነሱ አጥፍተናል ብያለሁ። ሁለተኛ ስለ ሰው አልናገርም። ራሷ ትጠይቃቸው።"

ሐጂ ይህን ብለው ጫማቸውን ፈለጉ። እርስዎስ አልኳቸው። እኔን ገና አልጠየቅሽኝም አሉ።

እዚያው ደጃፉ ላይ ጠየቅኋቸው። ቀና ብለው አላዩኝም። በሽማግሌነቴ መጥቼ የራሴን ጉዳይ አልፈጽምም፣ ሌላ ቀን ነይ አሉኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 22

ተቋሙ እዚሁ ቦሌ ባለው ቢሮው ባለሙያ ሊቀጥር ነው። አቶ ተስፋጽዮን ስሜን ሰጥተዋል፤ ሥራው ሕዝብ ማማከር ነው። ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ። መልሱን ዛሬውኑ ጻፍኩት፣ አልሄድም። ጀግንነት አይደለም። ፊቴ የሚቀመጠውን ሰው ዓይኑን ማየት አልችልም።

እሑድ፣ ግንቦት 24

የሺአረግ ጉርድ ሾላ መስቀለኛው አጠገብ ትቀመጣለች። ከሸራ ቁራጭ የገበያ ዘንቢል እየሰፋች ትሸጣለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የድንኳን ስፌት የሠራች ሴት ናት፤ ዘንቢሉ ድንኳን የሚሸከም ይመስላል። ሦስት ሰው እስኪገዛና እስኪሄድ ጥግ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ፊቷ ቁጢጥ አልኩ።

ሁሉንም ነገርኳት። አላስጌጥኩትም። ዝርዝሩን የሠራው ማነው ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር፣ እኔ ነኝ አልኳት። መርፌዋን አላቆመችም። ሰውየው የተናገረውን፣ እኔ የተናገርኩትን። ይቅርታሽን ልጠይቅ ነው የመጣሁት አልኳት። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

"ከጥር ሠላሳ በፊት ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"ስንት ቀን?"

"ከኅዳር አሥራ ሁለት ጀምሮ።"

አዲስ ክር አስገባች። ይቅር አላለችኝም፣ አላባረረችኝምም። አንዲት ሴትዮ ዘንቢል አንስታ ዋጋ ጠየቀቻት፣ ነገረቻት። ከዚያ ወደኔ ሳትዞር፣

"ለሌሎቹም እንደዚሁ ንገሪያቸው" አለች። "ቀኑንም ሳትረሺ።"